ጀግናው የታላቅ ሰው ልጅ ሆኖ ከተገኘ ልፋቱ ምን ይሆናል?

የብረት ድምፅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ከማንጋዎች (ከጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች) ናሩቶን፣ ዋን ፒስን፣ ስላም ዳንክን ወይም ዲመን ስሌየርን ገና እያነበበ ያለ ሰው ካለ እዚህ ብዙ ሚስጥር ይወጣል።

በማንጋ ስልት የሚሳል ተከታታይ ታሪክ እየሠራሁ ነው፤ በአማርኛ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጉልላት ይባላል። ምናለሽ ተራ የተጣመመ ብረት እያቀና የሚኖር የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። በታሪኩ ዓለም ብረትን በድምፃቸው የሚያዝዙ ሰዎች አሉ። «ብረት ጠሪዎች» ብያቸዋለሁ። ሲጠሩት ይመጣል፣ ታጠፍ ሲሉት ይታጠፋል። ጉልላት ይህን አይችልም። ያለው መዶሻና ክንድ ነው። እነሱ በአንድ ቃል የሚጨርሱትን እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀጠቅጥ ይውላል። እስካሁን የሳልኳቸው ምዕራፎች ሁሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ምዕራፍ 12 ላይ አንድ ሽማግሌ ይመጣና ሚስጥሩን ያወጣል። የጉልላት አባት ከብረት ጠሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ሰው ነበር። ይህን ሲሰማ የልጁ ድምፅ ይከፈታል። ሥዕሉን በጭንቅላቴ ጨርሼዋለሁ። ሁለት ገጽ የያዘ አንድ ትልቅ ሥዕል፤ የምናለሽ ተራ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ፌሮ በሙሉ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ሲቆም።

ይህን ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እስከዛሬ የቀጠቀጠው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄዋ ይመጣብኛል።

ምንም የለውም ያልነው ጀግና የታላቅ ሰው ልጅ ሆኖ መገኘቱ በማንጋ በጣም የተለመደ ነው። ናሩቶ አለ። የብሊች ኢቺጎ አለ፤ አባቱም እናቱም ተራ ሰዎች አልነበሩም። የዋን ፒሱ ሉፊም አለ። ይህ ነገር ገጸ ባሕርይን ያሳድጋል ወይስ ይገድላል? እኔ ናሩቶን እያየሁ ነው ያደግኩት። እዚያ ያለው ሮክ ሊ እግሩ ላይ ያሰራቸውን ክብደቶች ሲጥል ዛሬም ድረስ ሰውነቴን ይወረኛል። መጨረሻ ላይ ግን ሮክ ሊ የት ገባ? ይህን ሳስብ ይከፋኛል። ጉልላትንም እንዲህ ማድረግ አልፈልግም። ግን ያን ባለ ሁለት ገጽ ሥዕል መተውም አልቻልኩም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኡሶፕ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው ያመጣኸው። አንድ ነገር ግን ላርምህ። ሉፊን ከነናሩቶ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተተው።

ጸሐፊው ኦዳ ዋን ፒስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የሉፊ አባት ድራጎን መሆኑን የምንሰማው ከኢንየስ ሎቢው ፍልሚያ በኋላ፣ ከአራት መቶ ምዕራፍ በላይ ካነበብን በኋላ ነው። ማን ተናገረው? አያቱ ጋርፕ፤ ያውም እግረ መንገዱን። አጠገባቸው ያለው ሰው ሁሉ ይጮኻል። ዓለም የሚፈልገው ትልቁ ወንጀለኛ የዚህ ልጅ አባት ነው! ሉፊስ? ምንም። አባቴን ልፈልገው ብሎ መርከቡን አላዞረም። አዲስ ጉልበት አልተሰጠውም። ትናንት የባሕር ወንበዴዎች ንጉሥ መሆን ይፈልግ ነበር፣ ዛሬም ያንኑ ይፈልጋል። ሚስጥሩ የቀየረው ሌሎች ሰዎች ሉፊን የሚያዩበትን ዓይን ነው። ልጁ ያው ልጅ ነው። እኔ ይህን ነው የምወድለት።

ሉፊ ሰውነቱ እንደ ጎማ የሆነው ፍሬ በልቶ ነው፤ የፍሬው ነገር ግን ሌላ ነው። ምዕራፍ 1044 ላይ የጎማው ፍሬ የጎማ ፍሬ አልነበረም ተባለ። የፀሐይ አምላክ የኒካ ፍሬ ሆነ። እዚያ ላይ ቅር ብሎኛል፤ በግልጽ ልናገር። ሉፊን የወደድኩት ከሁሉ የማይረባ የሚመስል ችሎታ ይዞ፣ በራሱ ጭንቅላት የመምቻ መንገድ እየፈጠረ ስለሚሄድ ነበር። እንደ ፊኛ መነፋት፣ ደሙን ማፍጠን፣ እነዚህን ማንም አላስተማረውም። ፍሬው የአምላክ ነው ሲባል የዚያ ሁሉ ድካም ዋጋ ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ። ጓደኞቼ አይስማሙም፤ ፍሬው ሺህ ጊዜ የአምላክ ቢሆን ሌላ ሰው በልቶት እዚህ አይደርስም ይላሉ። ይህም ያስኬዳል።

ለጉልላት የሚቀርበው ግን የሉፊ መርከበኛ ኡሶፕ ነው። ስሜን ከእሱ የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኡሶፕ ፈሪ ነው፣ ውሸታም ነው፣ ፍሬም አልበላም። አባቱ ያሶፕ የባሕር ወንበዴው የሻንክስ መርከብ ላይ ያለ ዝነኛ ተኳሽ እንደሆነ ከመጀመሪያው እናውቃለን። ይህ ለኡሶፕ ምን ሰጠው? ናፍቆት ብቻ። ዋተር ሰቨን የምትባለው ከተማ ላይ በመርከቧ በሜሪ ምክንያት ከሉፊ ጋር ሲጣላና ሲፋለም አንብበው። እንደማያሸንፍ ያውቃል። ቢሆንም በኪሱ ያለውን ተንኮል ሁሉ አውጥቶ ይዋጋል። ሉፊ እያንዳንዱ ተንኮል ሲመታው እናያለን። ኡሶፕ ተሸንፎ መሬት ላይ ሲቀር አንባቢው ከማን ጋር እንደሚቆም ግራ ይገባዋል። በአባት ስም የተገኘ ጉልበት እንዲህ ዓይነት ፍልሚያ ሊሰጥህ አይችልም።

ማህሌት ዘሽሮሜዳ

እህትህን ጎበዝ በልልኝ። የታሪክህን ወገብ ነው የያዘችው።

ከሮክ ሊ ልጀምር፤ የሚከፋህ ነገር እኔንም ስለሚከፋኝ። ሊ ኒንጁትሱ (የኒንጃ አስማት መሰል ጥበብ) አይችልም። ጌንጁትሱም (ዓይን ማታለያ) አይችልም። ያለው እጅና እግሩ ነው። የናሩቶ ጸሐፊ ኪሺሞቶ ይህን ልጅ ወስዶ ጋራ የሚባል ተፋላሚ ፊት አቆመው። ጋራ እጁን እንኳ ሳያነሳ አሸዋው በራሱ ይከላከልለታል። በሌላ አባባል፣ አንዱ ሁሉን ነገር ሠርቶ ያገኘ ነው፤ ሌላው ምንም ሳይሠራ የተሰጠው። ሊ ክብደቶቹን ሲጥል ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ሁላችንም እንጮኻለን። ብዙ ሰው ግን የፍልሚያውን መጨረሻ ይረሳዋል። ሊ ተሸንፏል። ክንዱና እግሩ ደቅቋል። ራሱን ስቶ ሳለ ቆሞ ይገኛል፣ መምህሩ ጋይ ሮጦ ያቅፈዋል።

ተሸንፎም ከአሸናፊው በላይ የምናስታውሰው እሱን ነው። ምን እንደሚፈልግ አንድም ቦታ ላይ ግራ አልገባንም። በታይጁትሱ (በእጅና በእግር ፍልሚያ) ብቻ ትልቅ ኒንጃ መሆን እንደሚቻል ማሳየት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ምቱ ለዚያ ነው። ሲወድቅም የወደቀው ያ ፍላጎት ነው፤ ስለዚህ ያመናል።

ከዚያ ሌላው ወጣት ኒንጃ ኔጂ ይመጣል። ኔጂ ሰው ሲወለድ ዕጣው አብሮ ተወልዷል ባይ ነው። ለማለትም ምክንያት አለው፤ ግንባሩ ላይ የጎሳው ማኅተም ታትሞበታል። ናሩቶ ያሸነፈው በምንድን ነው? በቅጂ ጥበብ፤ የራሱን ቅጂ በመፍጠር። አስታውሱ፣ ናሩቶ የትምህርት ቤቱን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀው በዚሁ በቅጂ ጥበብ ነበር። ከሁሉ የማይችለው ነገር እሱ ነበር። ይህንንም ለኔጂ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ከዚህ የበለጠ ጥሩ መልስ በማንጋ ውስጥ ብዙ አላነበብኩም። ገጸ ባሕርዩ የሚያሸንፍበት መሣሪያ እኛ ሲለማመደው ያየነው፣ ሲወድቅበት ያየነው ነገር ነው።

ቅር የሚለኝም እዚሁ ላይ ነው። ኔጂ «ዕጣ በልደት ነው» አለ። ታሪኩ «አይደለም» ብሎ መለሰ። ብዙ ቅጽ ካለፈ በኋላ ደግሞ ናሩቶና ተቀናቃኙ ሳስኬ የሁለት ጥንታዊ ወንድማማቾች፣ የአሹራና የኢንድራ ነፍስ የተሸከሙ ሆነው ተገኙ። በዚያ ጊዜ ኔጂ ጦርነቱ ላይ ሞቷል። ጥያቄው እንደገና ሲከፈት ጠያቂው የለም። እኔ ብሆን ኔጂን በሕይወት አቆይቼ ያን ዜና ሲሰማ ፊቱን እስል ነበር።

አሁን ወደ ስላም ዳንክ ልውሰድህ። ጉልላትን ይጠቅመዋል። የኢኖዌ ታኬሂኮ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1996 የወጣ፣ 31 ቅጽ። ሳኩራጊ ቅርጫት ኳስ የማያውቅ ቀይ ፀጉር ጉልበተኛ ነው። ቡድኑ ውስጥ የገባው ለአንዲት ልጅ ብሎ ነው። ግን ተሰጥኦ አለው፤ ቁመቱና አዘላለሉ አብሮት የተወለደ ነው። ኢኖዌ ይህን አልደበቀም። ከብሔራዊው ውድድር በፊት ግን አሠልጣኙ አንዛይ ሃያ ሺህ ኳስ እንዲወረውር ያደርገዋል። ሃያ ሺህ! ዝላይ ሳይሆን ውርወራ። የማይችለውን ነገር ማለት ነው።

ከሳኖ ቡድን ጋር ባደረጉት ጨዋታ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። የቡድን ጓደኛው ሩካዋ እስከዚያ ቀን ኳስ ሊሰጠው የማይፈልገው ልጅ ነው፤ ይሰጠዋል። ሳኩራጊ ይወረውራል። 79 ለ78። ተሰጥኦው ዝላይ ሆኖ ሳለ ጨዋታውን የዘጋው በትምህርት ያገኘው ውርወራ ነው። ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ተሸንፈው ይወጣሉ። ዋንጫ የለም። ማንም አንባቢ «ተታለልኩ» አላለም።

እዚያው ላይ ኮጉሬ አለ፣ ባለ መነጽሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለማመድ ኖሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ። ከሪዮናን ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቃራኒው አሠልጣኝ እሱን ትተው ሌሎቹን እንዲይዙ ያዝዛል። ኮጉሬ ባለ ሦስት ነጥቡን ያስገባል። አሠልጣኙም ያ ልጅ ሦስት ዓመት የለፋ ሰው መሆኑን አምኖ ይቀበላል። ስለ ኮጉሬ አባት የምናውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አላስፈለገንም።

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ። ዲመን ስሌየር ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ታንጂሮም ትልቅ ውርስ አለው፤ የፀሐይ እስትንፋስ የሚባል የሰይፍ ስልት። ብዙ አንባቢ የስልቱ ባለቤት የዮሪኢቺ ዘር ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። አይደለም። የታንጂሮ ቤተሰብ ከሰል ሻጮች ናቸው። የሩቅ ዘመን ቅድመ አያቱ ዮሪኢቺ ሲንቀሳቀስ ዓይኑን ሳይነቅል አየ፣ ያየውን ያዘ፣ ለልጁ አሳየ። ልጁም ለልጁ። በዓመቱ መግቢያ ሌሊቱን ሙሉ የሚደነስ ውዝዋዜ ሆኖ ቆየ። ታንጂሮ በሽተኛ አባቱ በበረዶ ላይ ሲወዛወዝ አይቶ ነው የተማረው። ውርስ አለ፤ በደም ሳይሆን በዓይንና በእጅ የተላለፈ። የዲመን ስሌየር ጸሐፊ ጎቶጌ እዚህ ላይ በጣም ብልህ ናት ወይም ነው፤ ማንነቱን ስላልገለጠ ነው እንዲህ የምለው።

እንግዲህ ጉልላት። የአባቱ ሚስጥር ይውጣ። ነገር ግን ምዕራፍ 12 ላይ የሚያሸንፈው እስከ ምዕራፍ 11 ሲሠራው ባየነው ነገር ይሁን። ብረት ጠሪ ብረቱን ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ ሲግል በምን ቀለም እንደሚለሰልስ፣ ሲመታ ድምፁ መቼ እንደሚቀየር አያውቅም። ጉልላት ያውቃል። ይህ ችሎታ ነው፤ ያውም አንተ ሳታስበው የሰጠኸው። ሥዕል ላይ ዕቃ ሠሪ ገጸ ባሕርይ ማየት ከፈለግህ የፉልሜታል አልኬሚስቷን ዊንሪን እያት። የኤድዋርድን የብረት ክንድ የምትሠራው እሷ ናት። አንድ ጊዜ አንዲት ብሎን ትረሳለች፣ ክንዱም ፍልሚያ መሃል ይከዳዋል። ጸሐፊዋ አራካዋ የእጅ ሥራን እንዲህ ታከብራለች። ብሎኗ ብትረሳ ሕይወት ይጠፋል።

የብረት ድምፅ

ማህሌት፣ እግዜር ይስጥሽ። «ብረት ጠሪ ብረቱን ነክቶት አያውቅም» ያልሽውን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ኡሶፕ፣ ያንን ፍልሚያ ዛሬ ማታ እደግመዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ኪሺሞቶ የኔጂን ነገር ይህን ያህል አሳምሮ ከጻፈ በኋላ ለምን ወደ ዘር ተመለሰ? ብሊችም ያው። ጥሩ ጸሐፊዎች ናቸው እኮ። የሚገፋቸው ነገር አለ?

የሰኞ መጽሔት

የሚገፋቸው ነገር አለ። ናሩቶም ብሊችም ዋን ፒስም የወጡት ሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ ላይ ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የአንድ ሳምንት እትሙ ከስድስት ሚሊዮን ተኩል ቅጂ በላይ ደርሶ ነበር። መፈክሩ «ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል» ነው። ጥረት መሃል ላይ መቀመጡን ልብ በሉ።

አሠራሩ ጨካኝ ነው። ጸሐፊው በየሳምንቱ ወደ ሃያ ገጽ የሚጠጋ ያስረክባል። አንባቢ የወደደውን ታሪክ መርጦ ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ ያጣ ታሪክ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቆማል፤ ዐሥር ሳምንት አካባቢ ላይ የተቆረጡ ብዙ ናቸው። ድምፅ ያገኘ ደግሞ መቆም አይችልም። ናሩቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ሄደ፤ 700 ምዕራፍ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠላት ማደግ አለበት። ጠላት ሲያድግ ጀግናም ማደግ አለበት። ተለማምዶ ማደግ ገጽ ይበላል፤ ክብደት ማሠር፣ መውደቅ፣ እንደገና መነሳት። የዘር ሚስጥር ግን በአንድ ምዕራፍ ያልቃል። በተጨማሪ አንባቢው በሚቀጥለው ሳምንት እንዲገዛ የሚያደርግ ዜና ነው። ለዚህ ነው የዘር ሚስጥር እንደ አቋራጭ መሰላል ሁልጊዜ እጅ ሥር የሚገኘው።

አራካዋን ማህሌት አንስታለች። ፉልሜታል የወጣው ወርኃዊ መጽሔት ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010፣ በ27 ቅጽ ተዘጋ። ኤድዋርድ መጨረሻ ላይ ወንድሙን ለማምጣት አልኬሚውን (ነገርን የመለወጥ ችሎታውን) ራሱን ከፍሎ ተራ ሰው ሆኖ ይቀራል። ተሰጥኦው የታሪኩ መክፈያ ሆነ። ሳምንት በሳምንት ጠላት እያሳደገ የሚሄድ ጸሐፊ እዚህ መድረስ ይከብደዋል። አንተ ደግሞ ሳምንታዊ አለቃ የለብህም። ይህን ዕድል ተጠቀምበት።

ሆኖም ለናሩቶ ጥብቅና ልቁም። አባቱ አራተኛው ሆካጌ (የመንደሩ መሪ) መሆኑ በድንገት የወደቀ አይደለም፤ ፊታቸው እንደሚመሳሰል ቀድሞ ይታይ ነበር። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ዘጠኝ ጅራት ያለውን አውሬ ልጁ ውስጥ ያሰረው ማን ነው? ያው አባቱ። መንደሩ ሁሉ የሸሸው፣ ብቻውን የበላው፣ ዥዋዥዌው ላይ ብቻውን የተቀመጠው በአባቱ ውሳኔ ነው። ናሩቶ አባቱን ሲያገኘው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሆዱን በቡጢ መምታት ነው። ከዚያ ያለቅሳል። እኔ ይህን ሳነብ ውርሱ ቁስሉ ራሱ እንደሆነ ነው የገባኝ። አሹራም ቢሆን ከሁለቱ ወንድሞች ተሰጥኦ ያልነበረው ነው፤ በሰው እገዛ የቆመ። ስለዚህ ማህሌት እንዳለችው ሙሉ በሙሉ ክህደት አይደለም።

ማህሌት ዘሽሮሜዳ

የቡጢው ትዕይንት ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፤ በጣም ጥሩ ነው። አሹራ ላይ ግን አልሰጥም። ተሰጥኦ የሌለው ሰው ነፍስ የተሸከመ መሆን ራሱ መመረጥ ነው። ሊን ማንም አልመረጠውም።

ያረጀ አንባቢ

ልጆቼ፣ የወለድኳቸው ልጆች ሲያነቡ አብሬ እያነበብኩ ነው ወደዚህ ነገር የገባሁት። አሁን እነሱ ትተውት እኔ ቀጥያለሁ። ስለ ምናለሽ ተራው ልጅ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይሠራሉ። ያገሩ ሰው ያለ እሳቸው ማረስ አይችልም። ያው ሰው ግን ልጁን ከሳቸው ቤት አያጋባም። ቡዳ ነው ይላል፤ ማታ ጅብ ይሆናል ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። አባቴ ከተማ ሲገቡ የአባታቸውን ሥራ ለማንም አልተናገሩም። እኔም የሰማሁት አድጌ ነው። ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ይህን የማወራው ለምንድን ነው? አንተ ልጄ፣ ብረት ጠሪዎችህን ሁሉ የተከበሩ አድርገሃቸዋል። የተፈሩና የተጠሉ ቢሆኑስ? ሰው ቀን ብረቱን ይዞ እየመጣ፣ ማታ በሩን የሚዘጋባቸው ቢሆኑስ? እንደዚያ ከሆነ እናትየው ሚስጥሩን የደበቀችበት ምክንያት ይገኛል። ልጇ በሰላም እንዲኖር ነው። የሽማግሌው ወሬ ስጦታ መሆኑ ይቀርና ሸክም ይሆናል። ድምፁ ቢከፈት የሚያጣው ነገር አለ። ቆርቆሮ የሚያመጡለት ደንበኞቹ፣ ጓደኞቹ፣ ምናልባት ልቡ ያረፈባት ልጅ።

ከማንጋው ውስጥ ይህን የነካው ለእኔ የዋን ፒሱ ኤስ ነው። የባሕር ወንበዴዎች ንጉሥ የነበረው የጎል ዲ ሮጀር ልጅ። ዓለም ሁሉ አባቱን ይረግማል። ልጁ ትንሽ ሆኖ ከሰው ሰው እየዞረ «ሮጀር ልጅ ቢኖረው ምን ትሉ ነበር?» ይላል። የሚሰማው እርግማን ብቻ ነው። ጋርፕን መወለዴ ጥሩ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሲሞት ደግሞ ስለወደዱት አመስግኖ ነው የሚሞተው። ዘሩ ጉልበት ሰጠው ብሎ የሚያስታውስ አንባቢ የለም። ሁላችንም የምናስታውሰው ያን ጥያቄ ነው። አባቴን አስታወሰኝ፤ ለዚህ ነው ያን ምዕራፍ ቶሎ ማለፍ ያልቻልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ክብረ ነገሥት ላይ ቀዳማዊ ምኒልክ ገና ልጅ ሳለ እናቱን አባቴ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ትነግረዋለች። ትልቁ ጉዞ ከዚያ ይቀጥላል። አባቱን ማወቁ የታሪኩ መነሻ እንጂ መፍቻ አይደለም። ያንተንም ሚስጥር ቀደም አድርገህ አውጣው። እስከ 12 አታስጠብቀን።

የብረት ድምፅ

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ሁለት ቀን ሳስብበት ቆየሁ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሚስጥሩ ወደ ምዕራፍ 4 መጥቷል። የምትነግረው እናቱ ናት፤ ሽማግሌው ወጥቷል። ብረት ጠሪዎች የሚፈሩ ሆነዋል፣ እናትየው ምናለሽ ተራ የገባችውም ስሟን ቀይራ ነው። ጉልላት ይህን ካወቀ በኋላ እየሠራ ሳለ አፉን ማፏጨት እንኳ ይፈራል። ምዕራፍ 12 ላይ ከአንድ ብረት ጠሪ ጋር ይጋጠማል፣ ማህሌት እንዳለችው ስንጥቁን አግኝቶ በመዶሻ ያሸንፋል። ያሸነፈበት ብረት ምዕራፍ 2 ላይ ሲያቀናው ያየነው በር ነው። ለዚያ ብዬ ምዕራፍ 2ን እየደገምኩ ነው።

ባለ ሁለት ገጹ ሥዕል አልተጣለም። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ድምፁ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ሁሉ ይነሳል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ላይ የጎረቤቶቹን ፊት ብቻ ነው የምስለው። ማህሌት ድምፁ ጨርሶ ባይወጣ እንደምትመርጥ ይገባኛል፤ እኔ ግን የዚያን ልጅ ጩኸት መስማት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚከፍለውን ደግሞ ከምዕራፍ 13 ጀምሮ እጽፈዋለሁ።

እህቴ ይህንን ሰምታ አሁን የምትጠይቀኝ እናትየው ስሟን ከመቀየሯ በፊት ማን ትባል እንደነበር ነው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርብዎት። እናትየው ልጅ ሆና አባቷ ቤት ወናፍ ስትነፋ የሚያሳይ ትዝታ አለ። ቤት ውስጥ ምን ምን ነበር? ከፎቶ ብቻ መሳል አልፈለግኩም።

ኡሶፕ ከፒያሳ

ምዕራፍ 2 ላይ በሩን ሲያቀናው አንድ የሥዕል ሳጥን ለስንጥቁ ብቻ ስጠው። ግን ትንሽ አድርገው፣ ማንም ልብ እንዳይለው። 12ን ስንጨርስ ወደ ኋላ ተመልሰን እንድንፈልገው። ኦዳ እንዲህ ነው የሚያደርገን።

ያረጀ አንባቢ

ልጄ፣ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢት ነው፤ አንዱን ብቻ እንዳትስል። ነፊው መሬት ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ እያፈራረቀ ነው የሚጫነው። አንዱ ሲነሳ አንዱ ይወርዳል፣ እሳቱ እንዳያርፍ። ከከረጢቶቹ አፍ የሚወጣው አየር በሸክላ ቧንቧ አልፎ ፍሙ ሥር ይገባል። ቀጥቃጩም ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ብረቱን በጉጠት ይዞ። ቆሞ የሚቀጠቅጠውን የዘመኑን ምናለሽ ተራ ላይ አድርገው። ቤቱ ጨለም ያለ ይሁን። የብረቱ ቀለም የሚለየው በጨለማ ነው።